ያልተወጉት ሽመላዎች

አንዲት ሴት የአምናውን ካላንደር ከግድግዳ አወረዱና በመቀስ ይቆራርጡት ጀመር።

ጤነኛ ሴት ናቸው፤ አትሥጉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረው፣ ዛሬ ጠረጴዛቸው አጠገብ ተቀምጠው ወረቀት ያጣጥፋሉ። አንዴ በሰያፍ፣ አንዴ በአግድም፣ ገልበጥ፣ ጫን፣ ሳብ። እናም ከወረቀቱ ውስጥ ወፍ ይወጣል! አንገቱ የቀጠነ፣ ክንፉ የተዘረጋ፣ ጅራቱ ቀጥ ያለ ወፍ። ሽመላ።

ጠረጴዛው ላይ ያቆሙትና ያዩታል። ጎንበስ ብለው ያዩታል። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው ያዩታል። "ተባረክ" ይሉታል። ለወረቀት!

ምን ነክቷቸው ነው? ልንገራችሁ።

እኚህ ሴት ስማቸው ወይዘሮ አመለወርቅ ነው። አንዲት የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ ሰባት ዓመቷ ነው። ይህች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ ነበረባት። ስትሮጥ ከንፈሯ ይጠቁራል። ደረጃ ስትወጣ መካከል ላይ ትቀመጣለች። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ወስደዋት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደኅና ወጣች። "ጥቂት ታገግምና ወደ አርባ ምንጭ ትመለሳለች" ተባለ።

ይሄኔ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ፣ መምህር ተመስጌን፣ ልጅ ሳለ ሒሳብ ያስተማረችው አንዲት ጃፓናዊት በጎ ፈቃደኛ ያሳየችው ነገር ትዝ አለው። ከአምልኮ በኋላ ተነሥቶ፣ "በጃፓን አገር ሰው ሲታመም ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ከወረቀት ሺህ ሽመላ ያጥፋል። በክር ይሰኩትና ለበሽተኛው ይሰቅሉለታል። እኛም ልጃችን ስትመጣ አዳራሹን በሽመላ እንሙላላት" አለ።

አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ተነሡ።

"መምህር፣ ይሄ ነገር ክታብ ቢጤ እንዳይሆን?"

"አይደለም አባባ። ወፏ ማንንም አታድንም። እኛ ግን አንድ ወፍ ባጠፍን ቁጥር አንድ ጊዜ እንጸልይላታለን።"

ሽማግሌው ቆመው አሰቡ። አሰቡ፣ አሰቡና "እንግዲያው ለእኔም ወረቀት አምጡልኝ" ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ሁሉ ወፍ ሠሪ ሆነ። እውነተኛው ሽመላ ሐይቁ ዳር ቆሞ ዓሣውን ይጠብቃል፣ ሰዉ እዚህ የወረቀቱን ያጥፋል። ከደብተር ሽፋን፣ ከስጦታ መጠቅለያ፣ ከብስኩት ወረቀት። አንዱማ ከሲሚንቶ ከረጢት ሠርቶ ወፉ እንደ በሬ ከበደው። ከሁሉ ግን የወይዘሮ አመለወርቅን የሚያህል አልነበረም። በካርቶን ውስጥ ጥጥ አንጥፈው፣ በወፍና በወፍ መካከል ጥጥ ጠቅጥቀው ነበር የሚያስቀምጧቸው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ልጅቷ አንድ ናት፤ አያቶቿ ግን ሁለት ናቸው።

ወይዘሮ አመለወርቅ የአባቷ እናት ናቸው። የእናቷ እናት ደግሞ ወይዘሮ ጌጤነሽ ይባላሉ፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። የዚያች ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የለበሱት ሁሉ የእሳቸው እጅ ነው። ልጅቷ ገና በጨቅላነቷ ለጌታ በቀረበችበት ቀን ሁለቱም ነጭ በነጭ ለብሰው መድረክ ላይ ወጡ። ፓስተሩ ሕፃኗን አቀፉና ማይክራፎኑን ወደ ቤተሰቡ ዘርጋ አድርገው፣ "ስሟ ማን ነው?" አሉ።

"ትርሲት!" አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ።

"ሄራን!" አሉ ወይዘሮ ጌጤነሽ።

እኩል! በአንድ ትንፋሽ! በድምፅ ማጉያ!

አባትና እናት የሚገቡበት ጠፋቸው። ፓስተሩ ብልህ ሰው ናቸውና "ጌታ በስሟ ያውቃታል" ብለው ባርከው አስረከቧቸው። ሕዝቡ ሳቀ። ሁለቱ ሴቶች ግን አልሳቁም። አንዷ "ናቀችኝ" አለች፣ አንዷ "ቀማችኝ" አለች። በሚቀጥለው እሑድ ወይዘሮ አመለወርቅ ከግራው ወንበር ተቀመጡ፣ ወይዘሮ ጌጤነሽ ከቀኙ። አንድ መዝሙር ይዘምራሉ፤ አንድ ጌታ ያመልካሉ፤ ሰላም አይባባሉም።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ የለም አይደል? የለም እሺ። እኔም የሩቅ አገር ታሪክ ነው የምነግራችሁ።

ልጅቷ በሁለት ስም አደገች። በዚህኛው ቤት ትርሲት፣ በዚያኛው ቤት ሄራን። ለሁለቱም "አቤት" ትላለች። ስሙ አልከበዳትም፤ የከበዳት መከፈሉ ነው። ልደቷ ሁለት ቦታ ይከበራል፣ ሰላምታ ተሸክማ ትሄድና የሚቀበላት ታጣለች። እናም ወደ ሆስፒታል ልትሄድ ስትል ለሁለቱም ለየብቻ አንድ ነገር ለመነቻቸው፦ "ድኜ ስመጣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ልያችሁ።"

ሁለቱም "እሺ የኔ ልጅ" አሉ። ለታመመ ልጅ እምቢ የሚል ማን አለ? ግን ማን ይቅደም? ማን ወንበሩን ለቅቆ ይሻገር? እዚያ ላይ ነገሩ ቆመ። ልጅቷ መምጫዋ ደረሰ፤ ቃላቸው ግን እንደተበደሩት ዕቃ ቤት ተቀምጧል።

ቅዳሜ ከሰዓት ወፎቹ የሚሰኩበት ቀን ነበር። ሁሉም ያጠፈውን ይዞ ወደ አዳራሹ መጣ። ወይዘሮ አመለወርቅም ካርቶናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ገቡ። ክዳኑን ሲከፍቱት ሰው ከበባቸው። "ወይ ጉድ! የማን እጅ ነው?" "እማማ፣ ይሄማ ሊበር ነው!" ደስ አላቸው። ደስ ቢላቸውስ ምን አለበት?

ቀና ሲሉ ግን መርፌውን ማን እንደያዘው አዩ።

መስኮቱ አጠገብ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ የብርድ ልብስ መስፊያ ክር ከጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ወይዘሮ ጌጤነሽ ተቀምጠዋል። አንድ ወፍ አነሡ። መርፌውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ። ጭቅ! በሆዷ አወጡት።

"በኢየሱስ ስም!" ብለው ጮኹ ወይዘሮ አመለወርቅ። "ምን እየተደረገ ነው? በመርፌ ይወጓቸዋል እንዴ?"

"እማማ፣ ካልተወጉ እንዴት ይሰካሉ?" አለ መምህር ተመስጌን።

ወይዘሮ ጌጤነሽ ቀና አላሉም። "ንገራቸው ተመስጌን" አሉ ክሩን እየሳቡ፤ "በምኞት የሚሰካ ወፍ እኔ አላየሁም።"

"አንተም ንገራቸው! የእኔ ወፎች አይወጉም!"

ካርቶኑ ተከደነ። በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ አመለወርቅ ወፎቻቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ።

ቤት ገብተው ዝም ያሉ መሰላችሁ? ሌላ ዘዴ ፈለጉ። መጀመሪያ ወፎቹን አንገታቸው ላይ በክር አሠሯቸው። ሰቅለው ሲያዩዋቸው ደነገጡ፤ የሞት ፍርድ የተፈረደባቸው መሰሉ። ፈቱና ሙጫ ሞከሩ፤ ክንፍና ክንፍ ተጣበቀ። በመጨረሻ "እንዲያ ከሆነ ራሴ ቀስ ብዬ እሰካቸዋለሁ" አሉና መርፌ አነሡ። ዓይናቸው ግን መርፌው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ክሩን በምራቅ አሾሉት፣ ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። አልገባም አለ።

ተስፋ ቆርጠው ወፎቹን አልጋው ላይ፣ ብፌው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ደረደሯቸው። ቤቱ ሞላ። ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ሙሉ፣ አንድ ጭረት የሌለባቸው። መስኮት ሲከፈት ታዲያ የሐይቁ ነፋስ ይገባና ሁሉንም መሬት ላይ ይበትናቸዋል። ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ነፋሱ ተመልሶ ይበትናል። በመጨረሻ መስኮቱን ዘጉት። አያችሁ? ወፍ ይዞ መስኮት መዝጋት!

በማግሥቱ ከአምልኮ ሲመለሱ ስልክ ተደወለ። ልጅቷ ናት።

"እማማ! ወፎቼ አለቁ?"

"አልቀዋል የኔ እናት።"

"ተሰቀሉ?"

ወይዘሮ አመለወርቅ ወሬ ለመቀየር ያህል፣ "እኔ የምለው ትርሲትዬ፣ መርፌው አሞሽ ነበር?" አሉ።

"አዎ! ጮህኩኝ። ሐኪሟን አትንኪኝ አልኳት።"

"እሷስ ምን አለችሽ?"

"'ቀዳዳውን የምሰፋው እየወጋሁ ነው፤ ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ እሱን አደርግልሽ ነበር' አለችኝ። ከዛ እጄን ያዘችኝ።" ልጅቷ ድንገት ሳቋ መጣ። "እማማ፣ ደረጃ ወጣሁ! እስከ ላይ! መሀል ላይ ሳልቀመጥ!"

ወይዘሮ አመለወርቅ ስልኩን ዘግተው አለቀሱ። የደስታ ነበር፤ ደረጃ የወጣችው እሳቸው ራሳቸው የሆኑ ያህል ልባቸው ይመታ ነበር። እንባቸውን ሲጠርጉ ወፎቹን አዩዋቸው። ወፎቹም ከብፌው ላይ ሆነው የሚያዩዋቸው መሰላቸው።

"እውነቱን ልናገር" አሉ ለራሳቸው። "እኔን ያስጮኸኝ መርፌው ነው? ወይስ መርፌውን የያዘችው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ራሱን የሚጠይቅ ሰው ብፁዕ ነው። መልሱን ሳይሰማ የሚሸሸው ብዙ ነው። እሳቸው አልሸሹም። ወፎቹን በካርቶን ከተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ባጃጅ አስቆሙና ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ፣ ወይዘሮ ጌጤነሽ ወዳሉበት ወደ ሲቀላ ወረዱ።

"ቀስ በል ልጄ፤ ወፍ ይዣለሁ" አሉት ባለ ባጃጁን። ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ ካርቶኑን አየ፣ ሴትዮዋን አየና ቀስ አለ።

"ቤቶች!"

"ማነው?"

"አመለወርቅ ነኝ።"

ከውስጥ የወንበር መንኳኳት ተሰማ፤ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ጌጤነሽ በር ላይ ቆመው ወደ ኋላቸው ዞር አሉና የስፌት መኪናው ላይ ቶሎ ጨርቅ ጣል አደረጉ።

"ይግቡ እንጂ" አሉ።

አንድ ጥግ ላይ ጨርቁ በደንብ አልደረሰም ነበር። ከሥሩ የወረቀት ክንፍ ብቅ ብሏል።

"ወፍ ናቸው?" አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ።

"ናቸው እንጂ ምን ይመስላሉ?"

ጨርቁ ተገለጠ። ወገኖቼ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ ራሳቸውን ለመግታት ያልሞከሩት የለም። ከንፈራቸውን ነከሱ። ወደ ጣሪያ አዩ። ወፎቹ አንገታቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ሆዳቸው አብጧል፣ አንዱ ክንፍ ወደ ሰማይ አንዱ ወደ ምድር ያመለክታል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉ፤ "ጥንብ አንሳ ነው የሚመስሉት!" ሳቃቸው አመለጣቸው።

ወይዘሮ ጌጤነሽ በቁጣ አዩዋቸው። አንዱን ወፍ አነሡ፤ አገላበጡት። "ይሄስ በልቶ የጠገበ ነው" አሉና እሳቸውም ሳቁ። ሁለቱ ሴቶች የስፌት መኪናውን ተደግፈው ሆዳቸውን እስኪይዙ ድረስ ሳቁ። ልጅቷ ስም ከወጣላት ጀምሮ የተጠራቀመው ሳቅ በሙሉ በዚያች ቀን ወጣ።

ሳቁ ሲበርድ ወይዘሮ ጌጤነሽ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። "ለሰው ሁሉ ሰፍቻለሁ። እጄ ወረቀት ግን አልቀበልም አለኝ። የሰዉን ወፍ ስሰካ ውዬ፣ ለልጄ ልጅ የራሴ አንድ ደኅና ወፍ ሳይኖረኝ ትመጣብኛለች" አሉ።

"እኔ ደግሞ ወፍ ሞልቶኝ ክር ማስገባት አቃተኝ።" ወይዘሮ አመለወርቅ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አኖሩላቸው። "ይውጓቸው።"

"ከልብዎ ነው?"

"ከልቤ ነው። ግን... ቀስ ብለሽ።"

አንቱታው እዚያው ላይ ወደቀ። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም አላነሡትም።

መርፌዋ የመጀመሪያዋን ወፍ ስትነካ ወይዘሮ አመለወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው የወይዘሮ ጌጤነሽን ጉልበት ጨበጡ። ጭቅ! ዓይናቸውን ሲገልጡ ወፏ ክሩ ላይ ናት። ቀዳዳው የት እንዳለ እንኳ አይታይም። ነፋሱ በመስኮቱ ገባ። ክንፏ ተንቀሳቀሰ። ዞረች፣ ተመለሰች፣ ዞረች። ብፌው ላይ ቆማ ያላደረገችውን ሁሉ አደረገች።

"በረረች!" ብለው ጮኹ። "ጌጤ፣ በረረች!"

"ሌላዋን አምጪ" አሉ ወይዘሮ ጌጤነሽ።

ክሩ ሲሞላ ልብስ ሰፊዋ ወፎቹ ተንሸራተው እንዳይወርዱ ከታች የኮት ቁልፍ አሠሩበት። "ይሄ የጠገበውስ የት ይግባ?" አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ ጥንብ አንሳውን አንሥተው።

"ይቅር በቃ።"

"ለምን ይቀራል? ከሁሉ በታች እናድርገው። የልጅቷ እጅ እሚደርሰው እዚያ ነው።"

የሚቀጥለው እሑድ መጣ። የአዳራሹ በሮች በሙሉ ተከፍተዋል። ከጣሪያው ጫፍ እስከ ጫፍ ሽመላ ነው፤ የካላንደር ሽመላ፣ የብስኩት ሽመላ፣ ያ የሲሚንቶውም አለ። ልጅቷ በር ላይ ደረሰች። አየች። ሮጠች! ወገኖቼ፣ ሮጠች! እናቷ ልምድ ሆኖባት "ቀስ!" ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ከንፈሯ ቀይ እንደሆነ ነው።

እጇን ዘርግታ የታችኛውን ወፍ ያዘች። "ይቺ! ይቺ ታምራለች! ሆዷን እዩት!"

ወይዘሮ አመለወርቅ ዋጥ አደረጉት። የእሳቸው ቆነጃጅት ከላይ ተሰቅለው፣ የተመረጠው ጥንብ አንሳው! ጎናቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ጌጤነሽ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው። አዎ፣ ጎናቸው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ወደ ግራ ወንበር አየች፤ አያቷ የሉም። ወደ ቀኝ አየች፤ የሉም። መካከለኛው ወንበር ላይ ሁለቱን አንድ ላይ አየችና እጇን አጨበጨበች።

ፓስተሩ ወደ መድረክ ጠሯት። ያው የድሮው ፓስተር ናቸው። መንፈስ ይምራቸው፣ ተንኰል ይምራቸው አላውቅም፤ ማይክራፎኑን ዝቅ አድርገው፣ "ስምሽ ማን ይባላል የኔ ልጅ?" አሏት። ልጅቷም እንደ ልማዷ ወደ አያቶቿ ዞረች። ሁለቱም ተነሥተው ቆመዋል።

"ሄራን!" አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ።

"ትርሲት!" አሉ ወይዘሮ ጌጤነሽ።

እኩል! በአንድ ትንፋሽ! አሁንም አልተስማሙም!

ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። ሽመላዎቹ እስከ ጣሪያ ተርገፈገፉ። ልጅቷም ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ይዛ ለሁለቱም "አቤት!" አለች።

እናንተስ ወገኖቼ? እናንተ የት ናችሁ? ክሩ ላይ ናችሁ ወይስ ካርቶን ውስጥ?

ካርቶን ውስጥ ምቾት አለ፤ አልክድም። ጥጥ አለ። የሚነካችሁ የለም፣ የሚጨማድዳችሁ የለም። "እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም" የሚል ሰው ታውቃላችሁ? ጠብ ከየት ይምጣበት? ከማንም ጋር የለማ! ንጹሕ ሆኖ ብፌው ላይ ተቀምጧል። ነፋስ ሲመጣ ብቻውን ይወድቃል፤ የሚይዘው ክር የለውም።

መርፌዋ ታማለች። አታምም ብዬ አልዋሻችሁም። ለአንዱ "ይቅርታ" የምትል አንዲት ቃል ናት፤ ጉሮሮው ላይ ዓመት ቆማለች። ለአንዷ ቀድሞ ስልክ መደወል ነው። ለአንዱ የወንድሙን ደጅ ማንኳኳት ነው፤ ቆርቆሮውን ከመንገድ ያየዋል፣ አይገባም። ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ ያቺ ሐኪም እሱን ባደረገችው ነበር። ጌታችን ራሱ ጎኑ የተወጋ ነው። ከሞት ከተነሣ በኋላ እንኳ ቁስሉን አልደበቀውም። እኛ ሁላችን የተያያዝነው በዚያ ቁስል አይደለም?

መርፌ የያዛችሁም አላችሁ። እናንተ "እውነቱን ፊት ለፊት ነው የምናገረው" የምትሉ! ተናገሩ፤ ግን ቀስ ብላችሁ። የምትወጉትን ሰው እጁን ያዙት።

"እኔ እንኳ ጥንብ አንሳ ነኝ፤ ከቆነጃጅቱ መካከል ምን ልሠራ?" የምትልም አለህ፤ ከኋላ ወንበር አይሃለሁ። የልጅቷ እጅ መጀመሪያ የደረሰው ማን ጋ ነበር?

ይኸውላችሁ፣ እኔ ከዚህ መድረክ ላይ ሆኜ ወንበሮቹን ሁሉ አያለሁ። ማን ግራ እንደሚቀመጥ አያለሁ፤ ማን ቀኝ እንደሚቀመጥ አያለሁ፤ በየትኛው በር ማን ማንን ሸሽቶ እንደሚወጣም አያለሁ። ስለዚህ ዛሬ የመዝጊያ መዝሙር አላስዘምራችሁም። ዝም ብዬ እቆማለሁ። እናንተ ተነሡ፤ ካርቶናችሁን ይዛችሁ ተሻገሩ።